አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ድረስ የጋበዛቸው መስፍን

ኢዮብ ሉዶልፍ የሚለውን ስም የሰማ አንባቢ ብዙ ነው። የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው ጽፎ በአውሮፓ ያሳተመ ጀርመናዊ ነው። አባ ጎርጎርዮስንም ታሪክ የሚወድ ሰው ያውቃቸዋል። ሉዶልፍን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መምህሩና ተማሪው በ1652 ጀርመን ውስጥ ጎታ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ገና ግንባታው ባላለቀ ቤተ መንግሥት ውስጥ አብረው ሰንብተዋል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱስ የማን ነበር? አንድን የኢትዮጵያ ካህን ከሮም እስከ ጎታ የጋበዘው፣ አስቀምጦ ስለ አገራቸው የጠየቀው ማን ነው?

ኤርንስት ይባላል። የዛክሰን-ጎታ መስፍን ነበር። የአውሮፓ ታሪክ በጥቅሉ ሲተረክ ስሙ ብዙ አይነሳም። ግዛቱ ትንሽ ነበረች፤ አገር ድል አድርጎ አልያዘም፤ ዙፋን አልገለበጠም። እኔ ግን ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር ይበልጥ እየወደድኩት መጣሁ። ትንሽ መሬትና ብዙ ልጆች የነበሩት ሰው ነው። በዚያች ትንሽ መሬት ላይ የሠራውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ቤተሰቡን መረዳት ያስፈልጋል። የቤተሰቡ ነገር ደግሞ ትንሽ ይጠላለፋል። ቀስ ብለን እንፍታው።

መሬቱ ለምን አነሰ?

በዚያ ዘመን ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። የነበረው የሮማ ቅዱስ መንግሥት የሚባል ሰፊ ነገር ነው። ከላይ ንጉሠ ነገሥት አለ። ከእሱ በታች ከ300 የሚበልጡ ግዛቶች አሉ። አንዳንዱን መስፍን ይገዛዋል፣ አንዳንዱን ጳጳስ፣ አንዳንዱ ራሱን የሚያስተዳድር ከተማ ነው። እኛ ዘመነ መሳፍንትን ስለምናውቅ ይህን ለመገመት ብዙ አይከብደንም። ልዩነቱ፣ እዚያ ነገሩ ሕግ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት መኖሩ ነው።

ከመሳፍንቱ መካከል ሰባቱ ትልቅ መብት ነበራቸው። ንጉሠ ነገሥቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። የኤርንስት አያቶች ከእነዚህ ከሰባቱ አንዱ ነበሩ። ዛክሰንን ይገዙ ነበር። የፕሮቴስታንት እምነት ጀማሪውን ማርቲን ሉተርን ከሞት ያተረፉትና ያስጠለሉትም እነሱ ናቸው። እንዲያውም በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ያኔ የዚያ አገር ገዥ ዮሐን ፍሪድሪክ ነበር፤ የኤርንስት ቅድመ አያት። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ከኢትዮጵያ ሰው ጋር ሲገናኝ የጎታው የመጀመሪያው አይደለም።

በ1547 ግን ዮሐን ፍሪድሪክ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተዋግቶ ሙልበርግ ላይ ተሸነፈ። ተማረከ። የመራጭነት መብቱና አብዛኛው መሬቱ ተወስዶ ለዘመዶቹ፣ ለሌላው የቤተሰቡ ቅርንጫፍ ተሰጠ። ለእሱ ልጆች የቀረው ጀርመን መሃል ቱሪንጊያ በሚባል አካባቢ ያለ ቁራሽ መሬት ነው።

ከዚያ በኋላ መከራውን ያባሰው የውርስ ልማዱ ነው። በዚያ ቤት የበኩር ልጅ ሁሉን አይወርስም። ወንድ ልጆች በሙሉ ድርሻ አላቸው። የአባት ርስት ለልጆች ሲካፈል ምን እንደሚሆን ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። አባት አንድ ማሳ ያርሳል፣ ልጆቹ ጥማድ ጥማድ ይደርሳቸዋል፣ የልጅ ልጆቹ ጋ ሲደርስ በድንበር መጣላት ይመጣል። እዚያም የሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ የሚከፋፈለው እርሻ ሳይሆን አገር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ወራሽ የየራሱ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መዛግብት፣ ግምጃ ቤትና ሹማምንት ያቆማል። ያ ሁሉ ወጪ ገበሬው ጫንቃ ላይ ያርፋል።

ስምንት ወንድማማች

ኤርንስት የተወለደው በ1601 የገና ዕለት፣ አልተንቡርግ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ዮሐን የቫይማር መስፍን ነበር። በ1605 ሲሞት ኤርንስት ገና አራት ዓመት አልሞላውም። ከአባት በኋላ በሕይወት የቀሩት ወንዶች ልጆች ስምንት ናቸው። የስምንቱም ምስል የተቀረጸበት የብር ገንዘብ ነበር፤ አራቱ በአንድ ፊት፣ አራቱ በሌላው ፊት። እኔ ስለዚህ ቤተሰብ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ ሳንቲም ነው። አንድ ትንሽ አገር፣ ስምንት ጌታ።

ያሳደገቻቸው እናታቸው ዶሮቴያ ማሪያ ነች። ጎበዝ ሴት ነበረች። ቮልፍጋንግ ራትከ የሚባል የትምህርት አዲስ መንገድ የሚሰብክ መምህር ነበር። ልጆች መጀመሪያ በገዛ ቋንቋቸው ይማሩ፣ ላቲኑ በኋላ ይደርሳል ይላል። ብዙዎች ሲሸሹት እሷ ደገፈችው። በ1617 ከፈረስ ወድቃ በደረሰባት ጉዳት ሞተች። ኤርንስት 15 ዓመቱ ነበር። በኋላ ስለ ትምህርት ያደረገውን ሁሉ ሳይ የእናቱ እጅ ይታየኛል።

በቀጣዩ ዓመት የሠላሳው ዓመት ጦርነት ፈነዳ። በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ጠብ ተጀምሮ ቆይቶ የነገሥታት የሥልጣን ጦርነት የሆነ፣ ከ1618 እስከ 1648 ጀርመንን ያነደደ እሳት ነው። ስምንቱን ወንድማማች አንድ በአንድ በላቸው ማለት ይቻላል። ፍሪድሪክ በ1622 ፍለሩስ ላይ በጦር ሜዳ ወደቀ። የበኩሩ ዮሐን ኤርንስት በ1626 ዘምቶ ሃንጋሪ ውስጥ ታሞ ሞተ። ዮሐን ፍሪድሪክ የተባለው ደግሞ ከሰይጣን ጋር ተዋውሏል ተብሎ ታሰረ። ያሰሩት የገዛ ወንድሞቹ ናቸው። በ1628 በእስር ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የመጨረሻው ልጅ በርንሃርድ በዘመኑ ስመ ጥር የጦር መሪ ሆነ። ብራይዛህን የሚያህል ምሽግ ሰብሮ ያዘ። በ1639 ግን በ34 ዓመቱ ሞተ።

ኤርንስት ራሱም ዘምቷል። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ጀርመን ሲገባ ከእሱ ጎን ተሰለፈ። በ1632 ንጉሡ በወደቀበት በሉትዘን ውጊያ ላይ ነበር። ግን የጦር ሰው አልነበረም። በጸሎት መትጋቱን አይተው «ጸሎተኛው ኤርንስት» ይሉት ነበር። በኋላ የታወቀበት ስምም «ሃይማኖተኛው» የሚለው ነው። በርንሃርድ ከካቶሊኮች የነጠቀውን የፍራንከን ግዛት እንዲያስተዳድርለት ለኤርንስት ሲሰጠው ሰውየው ቦታውን አገኘ። የተራበን መመገብ፣ የፈረሰን መጠገን፣ ሒሳብ መያዝ፣ ይህን ይችልበታል። ሥራው ረጅም ጊዜ አልቆየም። በ1634 ፕሮቴስታንቶቹ ኖርድሊንገን ላይ ሲሸነፉ ያ ግዛት ከእጃቸው ወጣ።

በ1640 ከስምንቱ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ተቀምጠው ተካፈሉ። ቪልሄልም ቫይማርን፣ አልብሬክት አይዘናህን፣ ኤርንስት ጎታን ወሰዱ። አልብሬክት በ1644 ልጅ ሳይወልድ ሲሞት የእሱም ድርሻ ለሁለቱ ተከፈለ። እንግዲህ ኤርንስት መስፍን የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል። የደረሰው መሬት ጦር ሲመላለስበት የኖረ ነው።

ኤልሳቤጥ ሶፊና 18ቱ ልጆች

ኤርንስት በ1636 ኤልሳቤጥ ሶፊን አገባ። የአልተንቡርግ መስፍን አንድያ ልጅ ነች። በዚያ ዓመት 17 ዓመቷ ነበር። ቤተሰቡ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ያው የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ። አባቷ ግን ሲሞት ግዛቱ ለሴት ልጁ አልተላለፈም። ለወንድሙ ሄደ። ይህን እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ኤልሳቤጥ ሶፊ 18 ልጆች ወለደች። ለአካለ መጠን የደረሱት ዘጠኝ ናቸው፤ ሰባት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ቁጥሩን መጻፍ ቀላል ነው። በውስጡ ያለው ሐዘን ግን ከባድ ነው። በ1657 መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሦስት ልጆች አከታትለው ቀበሩ። ዮሐና 12፣ ሶፊ 14፣ ዮሐን ኤርንስት 16 ዓመታቸው ነበር። ሕፃናት አይደሉም። ያደጉ፣ የተማሩ፣ ከእናት ከአባት ጋር የሚያወሩ ልጆች ናቸው። ዮሐን ኤርንስት ደግሞ አልጋ ወራሹ ነበር።

ያ ስም ራሱ ታሪክ አለው። በ1638 የተወለደው የመጀመሪያ ልጃቸው ዮሐን ኤርንስት ተባለ፤ ወዲያው ሞተ። በ1641 ሌላ ወንድ ሲወለድ ስሙን መልሰው ሰጡት፤ እሱ ነው በ16 ዓመቱ የሞተው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በነሐሴ 1658 አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ለሦስተኛ ጊዜ ዮሐን ኤርንስት አሉት። ይህ ልጅ ኖረ። ከሰባቱ ወንዶች የመጨረሻው እሱ ነው። እሱንም ልብ በሉልኝ።

ከሴቶቹ ታላቂቱ ኤልሳቤጥ ዶሮቴያ የሄሰን-ዳርምሽታትን ገዥ አገባች። ባሏ በ1678 ሞተ። ልጇ ትንሽ ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ አገሩን በሞግዚትነት አስተዳደረች። የአባቷን ሙያ ይዛ እንደሄደች ይሰማኛል።

የሰላም ድንጋይ

ጎታ ላይ ድሮ ግሪመንሽታይን የሚባል ምሽግ ነበር። በ1567 በሌላ የቤተሰብ ጣጣ ፈርሶ ባዶ ኮረብታ ቀርቷል። ኤርንስት በ1643 እዚያው ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት መሥራት ጀመረ። ጦርነቱ ሊያልቅ ገና አምስት ዓመት ይቀራል። ስሙን ፍሪደንሽታይን አለው፤ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። በሩ ላይ ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች አምሳል ተቃቅፈው ሲሳሳሙ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ። ሐሳቡ ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ «ጽድቅና ሰላም ተስማሙ» ከሚለው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ወደ እኛ ሲመለስ «ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል» እንደማለት ነው። ስድስት ወንድሞቹ ሞተው እሱና ቪልሄልም ብቻ የቀሩ ሰው ያስቀረጸው መሆኑን ሳስብ ያ ጽሑፍ ጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

ከቤቱ በፊት ግን ያስቀደመው ሌላ ሥራ ነበር። ከ1641 ጀምሮ ሹማምንትና ቀሳውስት በየመንደሩ ላከ። ዓመታት የፈጀ ቆጠራና ምርመራ ነው። ትምህርት ቤቱ አለ ወይስ ፈርሷል? ቄሱ ያስተምራል? ሕዝቡ አባታችን ሆይ ያውቃል? ማንበብስ ይችላል? ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። በጦርነት ያደገ ትውልድ ብዙ አልተማረም።

በ1642 የወጣው የትምህርት ቤት ደንብ የዚህ መልስ ነው። ያዘጋጀው የጎታ ትምህርት ቤት ኃላፊ አንድሬያስ ራየር ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ወንድም ሴትም፣ የከተማም የገጠርም ልጅ፣ አምስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ ይማራል። ልጁን ከትምህርት ያስቀረ ወላጅ ይቀጣል። ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ቁጥር፣ ሃይማኖት፣ መዝሙር ይማራሉ። በኋላ ስለ ተፈጥሮና ስለ መለኪያ የሚያስተምር መጽሐፍም ተጨመረ። በጀርመንኛ፣ በገዛ ቋንቋቸው። የሚዋጋ ጦር በየሜዳው እያለ የገበሬ ሴት ልጅ ፊደል ትቁጠር ብሎ ሕግ ማውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በኋላ «የኤርንስት ገበሬ ከሌላ አገር መኳንንት የበለጠ የተማረ ነው» የሚል አባባል ወጣ። የተጋነነ ቢሆንም ዝናው እስከዚያ ደርሷል።

ጥብቅ ሰው እንደነበረም መናገር አለብኝ። ለሁሉም ነገር ደንብ ያወጣ ነበር። ማን ቤተ ክርስቲያን እንደቀረ ይጠየቃል። ልጆቹ የሚነሱበትና የሚጸልዩበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ዛሬ እንዲህ ባለ አገር መኖር ብዙዎቻችንን ያስጨንቀናል። የዚያ ዘመን ሰዎች ግን የወጡት ሕግ ከጠፋበት እሳት ነው።

ሰው ማሳደግም ያውቅ ነበር። በ1642 ስዊድኖች አንድ የጦር መኮንን በክህደት ከሰው አንገቱን ቆረጡት። ልጁ ፋይት ሉድቪግ ፎን ዘከንዶርፍ 15 ዓመቱ ነበር። ኤርንስት በጥላው ሥር አድርጎ አስተማረው። ልጁ አድጎ የመስፍኑ ዋና ሹም እስከመሆን ደረሰ። በ1656 አንድ የጀርመን ግዛት እንዴት መተዳደር እንዳለበት የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ የአስተዳደር ተማሪዎች መማሪያ ሆኗል። ምሳሌው ያቺ ትንሽ ጎታ ነች።

አባ ጎርጎርዮስ በጎታ

አሁን ወደ እንግዳው እንመለስ።

አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው ናቸው፤ ከመካነ ሥላሴ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑበት ዘመን እሳቸውም ካቶሊክ ሆኑ። አፄ ፋሲል በ1632 ነግሠው የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ኢየሱሳውያንን ሲያስወጡ አባ ጎርጎርዮስም አብረው አገር ለቀው ወጡ። ብዙ ዞረው ሮም፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ የተባለው የሐበሾች ገዳም ደረሱ። በ1649 ሉዶልፍ ያገኛቸው እዚያ ነው። ሉዶልፍ የኤርፉርት ልጅ ነው፤ ኤርፉርት ደግሞ የጎታ ጎረቤት ነች። ግዕዝን ከመጻሕፍት ለብቻው ሲታገል የቆየ ሰው ነበር። ሮም የሄደው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለስዊድን ሰነዶች ፍለጋ። ሰነዶቹን አላገኘም። በምትኩ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ሰዎች አገኘ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ሲመለስ በኤርንስት ቤት ተቀጠረ። የመስፍኑን ልጆችም አስተምሯል። ኤርንስት ስለ ካህኑ ሲሰማ ይምጡልኝ አለ። በ1652 በጋ አባ ጎርጎርዮስ አልፕስን ተሻግረው ጀርመን ገቡ። ጎታ ደርሰው በፍሪደንሽታይን ሰነበቱ። መስፍኑና ሹማምንቱ ስለ ኢትዮጵያ ጠየቋቸው፤ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ አገሩ። መልሳቸው ተጻፈ። የቀረውን ጊዜ ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝና በአማርኛ ሥራ ላይ አዋሉት።

አንድ የቱሪንጊያ መስፍን ኢትዮጵያ ምን ታደርግለታለች? ነገሩ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ለፕሮቴስታንቶች «አዲስ ሃይማኖት አመጣችሁ» የሚል ክስ ይቀርብባቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ከሮም ውጭ የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን መኖሯን ሲሰሙ ልባቸው ይነሳል። ኢትዮጵያ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ያውም ኢየሱሳውያንን በቅርቡ ያስወጣች። ከቱርክ ጋር ላለው ጠብም ወዳጅ ትሆናለች ብለው ያስቡ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያስረዷቸው ሰው ግን በካቶሊክነታቸው ምክንያት የተሰደዱ ካህን መሆናቸው ነገሩን ልዩ ያደርገዋል። ሉተራዊው መስፍን በእምነት የማይስማማቸውን ሰው ጋብዞ አክብሮ አዳመጠ። በሃይማኖት ምክንያት ሠላሳ ዓመት የተላለቁበት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ይህ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጣሊያን ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 ወደ አገራቸው ለመሄድ ተነሱ። መርከባቸው ተሰብራ በባሕር ሞቱ።

ኤርንስት ሐሳቡን አልተወም። በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን ኢትዮጵያ ላከው። ወጣቱ የሉዶልፍ ተማሪ ነው፤ የሉዶልፍን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለንደን ሄዶ በ1661 ያሳተመውም እሱ ነበር። ጎንደር ያኔ ገና አዲስ ከተማ ነች፤ በዙፋኑ ላይ ያሉት ያው አፄ ፋሲል ናቸው። ቫንስሌብ ግን ግብፅ ደርሶ ቀረ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ እንዳይሄድ መከሩት። እሱም ወደ ጎታ ከመመለስ ይልቅ ሮም ገብቶ ካቶሊክ ሆነ። ለኤርንስት መራራ ነገር መሆን አለበት። የተላከው ሰው ጠፋ፣ ገንዘቡም ቀረ።

የቆየው የሉዶልፍ ሥራ ነው። በ1681 የኢትዮጵያ ታሪኩን አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ኤርንስት ሞቶ 23 ዓመት ሆኖታል።

ሰባት ወንድ ልጆች፣ እንደገና

በ1672 የአልተንቡርግ የመጨረሻው መስፍን በልጅነቱ ሞተ። ያኔ የኤልሳቤጥ ሶፊ ነገር ተነሳ። ኤርንስት በሚስቱ በኩል ግዛቱ ይገባኛል አለ። ተከራክሮ ሦስት አራተኛውን ወሰደ። ከሞቱ ሦስት ዓመት በፊት መሬቱ በድንገት ሰፋች።

መጋቢት 1675 ላይ ሲሞት ሰባት ወንዶች ልጆች ነበሩት። የአባቱን ቤት መከፋፈል በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ልጆቹ አገሩን ሳይቆርሱ፣ በታላቁ በፍሪድሪክ መሪነት አብረው እንዲገዙ ተናዘዘ። ሞከሩት። ሰባቱም ፍሪደንሽታይን ውስጥ አንድ ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ አልሆነላቸውም። በ1680 ተካፈሉ። ፍሪድሪክ ጎታንና አልተንቡርግን ያዘ። አልብሬክት ኮቡርግን፣ በርንሃርድ ማይኒንገንን፣ ሃይንሪክ ሮምሂልድን፣ ክርስቲያን አይዘንቤርግን፣ ኤርንስት ሂልድቡርግሃውዘንን፣ የመጨረሻው ዮሐን ኤርንስት ዛልፌልድን ወሰዱ።

ሰባት ቤተ መንግሥት ማለት ነው። በርንሃርድ ማይኒንገን ላይ ትልቅ ቤት ሠራ። ክርስቲያን ወርቅ እፈጥራለሁ ብሎ በአልኬሚ ገንዘቡን ጨረሰ። ሃይንሪክ ዕዳ ጥሎ ሞተ። አልብሬክት፣ ሃይንሪክና ክርስቲያን ወንድ ወራሽ ስላልነበራቸው የእነሱን ድርሻ ለመውረስ የቀሩት ቤቶች እስከ 1735 ተካሰሱ። አባታቸው የፈራው አልቀረለትም።

በዚያው ዘመን አፄ ፋሲል ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ያዙት። ንጉሣዊ ቤተሰቡን ወህኒ አምባ ላይ አወጡ። አንዱ ይነግሣል፣ የቀሩት አምባው ላይ ይኖራሉ። አገሩ አይቆረስም፤ ሰዎቹ ግን ይታሰራሉ። ቱሪንጊያ ላይ ሰዎቹ ነፃ ናቸው፤ አገሩ ይቆረሳል። የትኛው ይሻላል ማለት ይከብደኛል። ፍሪድሪክ በ1685 ሌላ መፍትሔ አመጣ። በጎታ ከዚህ በኋላ ሁሉን የሚወርሰው የበኩር ልጅ ነው ብሎ ደነገገ።

አሁን ልብ በሉልኝ ያልኩትን ልጅ እናንሳ። ዮሐን ኤርንስት፣ በሁለት ሟች ወንድሞቹ ስም የተጠራው፣ የመጨረሻው፣ ትንሿ ዛልፌልድ የደረሰችው። ከሰባቱ ቤቶች ርቆ የተሰማው የእሱ ነው። ዘሮቹ ኮቡርግን ወረሱ። በ1826 ጎታም ወደ እነሱ ዞረች፤ የፍሪድሪክ ዘር ወንድ አጥቶ ነበርና። ከዚያ ቤት ሌኦፖልድ በ1831 የቤልጂግ የመጀመሪያው ንጉሥ ሆነ። አልበርት የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን አገባ። ቪክቶሪያ ራሷ በእናቷ በኩል ከዮሐን ኤርንስት ትወለዳለች። በአባቷ በኩል ደግሞ ከታላቁ ወንድም ከፍሪድሪክ፤ የፍሪድሪክ የልጅ ልጅ አውጉስታ የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ እናት ነችና። ስለዚህ የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ የጎታው ኤርንስት ዘር ነው። የቤቱ ስም ዛክሰን-ኮቡርግ-ጎታ ነበር። በ1917 ከጀርመን ጋር በሚደረገው ጦርነት መካከል ስሙን ለውጠው ዊንዘር አሉት።

የአልበርት ወንድም፣ እሱም ኤርንስት የሚባለው፣ የኮቡርግና የጎታ መስፍን ሆኖ በ1862 በግብፅ አልፎ ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያ እስከ ቦጎስ ዘለቀ። ሚስቱንና የእንስሳት ተመራማሪውን አልፍሬድ ብሬምን ይዞ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ፍሪደንሽታይን ከገቡ 210 ዓመት በኋላ የቤቱ ሰው በተራው የኢትዮጵያን ደጃፍ አየ። ጊዜው የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የቪክቶሪያ ጦር መቅደላን ያዘ። ልጅ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ዊንዘር ነው፤ በቪክቶሪያ ቤት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ።